«ተፈጥሮ» የማን ጓሮ ነው?

ባለፈው ሴሚስተር «ከተፈጥሮ ቁሳቁስ አንድ የሥነ ጥበብ ሥራ ሠርታችሁ አምጡ» ስንባል፣ መምህራችን ለምሳሌ ያሳዩን የበረዶ ፎቶግራፍ ነበር። አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአየር ንብረት ጉባኤ ፓሪስ ላይ ሲካሄድ፣ ከግሪንላንድ ያስመጣቸውን 12 ትላልቅ የበረዶ ቁራጮች አደባባይ ላይ እንደ ሰዓት ቁጥሮች ክብ አድርጎ ደረደራቸው። ሰዉ እየዳሰሳቸው ቀለጡ። ሥራው ይኼው ነው፤ መቅለጡ።

እኔም ለዕረፍት ወርቃ ስሄድ ጓሮ ገብቼ አንድ እንሰት ገንድሼ ጣልኩ። ነጩ ግንድ ለቅርጽ ይሆነኛል ብዬ ነው። አክስቴ ድምፁን ሰምታ መጣች።

«እንዴ! ኮባ ከሆነ የፈለግከው የደረቀው ተንጠልጥሎልህ የለም? ይኼን የተከልነው እኮ አንተ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ነው» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። ጎንበስ ብላ ከወደቀው ውስጥ የሚተርፍ ነገር ካለ ትገላልጥ ጀመር።

ብዙዎቻችን «ተፈጥሮ» ስንል ባለቤት የሌለው ነገር ማለታችን ይመስለኛል። ኤሊያሰን እንኳ በረዶውን ፈልጦ አላመጣም፤ ከዋናው የበረዶ ንጣፍ ተገንጥሎ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ የነበረውን ነው ያስጎተተው። (እስከ ፓሪስ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ሲጓዝ የተቃጠለው ነዳጅ ግን እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል።) ቋሚ ነዋሪ በሌለበት በአንታርክቲካ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1991 የተፈረመው የማድሪድ ፕሮቶኮል ያለ ፈቃድ እንስሳትና አዕዋፍን መያዝም ሆነ መግደልን ይከለክላል።

እኛስ? ከጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋይ ሸርፌ ላምጣ የሚል ተማሪ የለም፤ ቅርስ መሆኑን ያውቃላ! ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ሲመዘግብ ድንጋዩን ብቻ አይደለም የመዘገበው። እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ ዛፉ ተደባልቀው የሚበቅሉበት፣ የአክስቴን ጓሮ የመሰለው እርሻም አብሮ ገብቷል።

በመጨረሻ የሠራሁት ከቃጫ ነው። እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረውን ጭረት አክስቴ ለገመድ ብላ አስቀምጣው ነበር፤ ራሷ ከቆጥ አውርዳ ሰጠችኝ። ከ10 ሰባት አገኘሁ። ትኩስ ቀርከሃ ቆርጦ የመጣው ጓደኛዬ ዘጠኝ አገኘ፤ ቀርከሃው የማን እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም።

ስለዚህ ዲፓርትመንቱን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የማረሚያ ቅጹ ላይ «ቅርጽ» እና «ፈጠራ» ከሚሉት ሥር «ከየት፣ በማን ፈቃድ ተገኘ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን። ሁለት ነጥብ ቢይዝ ይበቃል። በዚያ ሒሳብ እኔም ባለ ዘጠኝ ነበርኩ።