ፊርማው ነቀምቴ ነው

እንበል፣ አንገር ጉቲን ላይ የምትሠራ የግብርና ባለሙያ ማሳው ድረስ ወርዳ ተምቹን ለየች፤ መድኃኒቱንም ታውቀዋለች። ግዥው ግን በወረዳ በኩል ወደ ዞን ይጻፋል፤ ነቀምቴ ያለው የዞኑ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ተምቹ ስብሰባ የለበትም።

በሚያዝያ 2017 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ባለጉዳዩን ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ያድነዋል። መልካም ጅምር ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሠራተኛስ? ከመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጡ (ቢፒአር) ወዲህ ወንበሩም መስኮቱም ተቀያይሯል፤ የመወሰን ሥልጣኑ ግን ያው ከላይ ነው። ጎበዝ ባለሙያን የሚያስኮበልለው ደመወዝ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያውቀውን ነገር «ለውሳኔ ቀርቧል» እያለ መጻፉም ጭምር ነው።

የዚህ እትም ጸሐፊዎች አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸዋል፦ የትኛው ፊርማ ወረዳ ላይ ሊያልቅ ይችላል?