የማሸነፍ ባህል ከመዝገብ ይጀምራል

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር ከቦንጋ ቡና ቤቶች እስከ አዲስ አበባ ድረስ አንድ ክርክር ይነሣል። «ልጆቻችን ለስላሶች ናቸው፤ እንደ ምዕራብ አፍሪካውያን በሸርተቴ አይገቡም፤ የማሸነፍ ባህል የለንም» ይባላል። ለማስረጃም የ2006 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደርሶ መልስ ይጠቀሳል፦ ናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 አሸነፈችን።

ነገርን ከሥሩ ለሚመረምር ግን ማስረጃው ከዚያ በፊት ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረታ። ሆኖም በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ስለነበር ፊፋ ውጤቱን ሽሮ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ፈረደ። እግር ያመጣውን ሦስት ነጥብ ወረቀት ወሰደው። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን «አለፍን» ብለን የጨፈርንለት ድልም፣ ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን በብራዛቪል እስክንረታ ድረስ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ካርድ መቁጠር ጀግንነት አይጠይቅም፤ አንድ መዝገብና አንድ ተጠያቂ ይበቃዋል። በአገራችን ግን ጀግና ይወደሳል፣ መዝገብ ያዥ ይናቃል። መሥሪያ ቤቶቻችንም የሚወድቁት ወኔ አጥተው አይደለም፤ ትንሿን ግዴታ በስሙ ተረክቦ የሚጠየቅባት ሰው አጥተው እንጂ።

«ጠንክረን እንግባ» የምትሉ ወገኖቼ ሆይ፣ ሸርተቴው ቢጫ ካርድ ማስከተሉ አይቀርም። አስቀድመን ቢጫውን የሚቆጥር እንሹም።