ብዕር የተሠራው ሊጻፍበት ነው

በእጅ የተሳለ ውድ ብዕር ገዝተው በሣጥን የሚቆልፉ ሰዎች ጌጡን ከጥፋት ያዳኑ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ብዕሩን ከሥራው ለይተውታል እንላለን።

ለአብነት የጃፓንን ባለሥዕል ብዕር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1918 በቶኪዮ የተቋቋመውና ኋላ ፓይለት የተባለው የናሚኪ ኩባንያ የብዕሩን አካል የሚሠራው ኢቦናይት ከተሰኘ ጠንካራ ጎማ ነበር። ይህ ጎማ በብርሃንና በጊዜ ብዛት ስለሚወይብ፣ በ1925 ኡሩሺ በተባለ የዛፍ ፈሳሽ መቀባት ተጀመረ። በቅቡ ላይ ሠዓሊው በቀጭን ብሩሽ ሥዕሉን ይነድፋል፤ ሳይደርቅም የወርቅ ዱቄት ይነሰንስበታል፤ ደጋግሞ ይቀባል፣ ይወለውላል። ማኪዬ በተባለው በዚህ ጥበብ የላቁት ሥራዎች ወራትን ይፈጃሉ። እንግዲህ ቅቡ የመጣው የሚጻፍበትን ብዕር ለመጠበቅ እንጂ ከእጅ ለማራቅ አልነበረም።

«ሲሠራበት ይፈገፈግና ዋጋው ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ መልሶ ለመሸጥ የገዛ ይጎዳል። ለመጻፍ የገዛ ግን የሠዓሊውን ድካም በየዕለቱ በጣቶቹ መካከል ያገኘዋል።

ስለዚህ ገዢው ከሥዕሉ አስቀድሞ የብዕሩ ጫፍ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሄድ ይፈትን፤ ሥዕሉም የታተመ አለመሆኑን ያረጋግጥ። ለእንዲህ ያለ ብዕር የተዘጋጀ ቀለም ብቻ ይሙላ፤ ውስጡን በንጹሕ ውኃ ይጠብ፤ ከፀሐይም ይሰውረው። ግዢው የቤቱን ቀለብ የሚያጎድል ከሆነ ግን ይተወው፤ ተራው ብዕርም ደብዳቤ ያደርሳል። አቅሙ ፈቅዶ የገዛ ደግሞ ይጻፍበት።