5 ኪሎንና 6 ኪሎን ማን ለያቸው?

ከ5 ኪሎ ጓደኞቻችን ጋር ሻይ ቤት በተገናኘን ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ። እነሱ «በግጥም አገር አይገነባም» ይሉናል። እኛም «እናንተ ከቁጥር በቀር ምን ታውቃላችሁ?» ብለን እንመልሳለን። ይሳቃል፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ ሁሉም በየመንገዱ ይሄዳል። አሁን ግን ይህ ሳቅ ሰልችቶናል። ሁለታችንም ተሳስተናልና፤ በስሕተታችንም የሚጎዳ ሰው አለና።

ማን ተጎዳ? ከእኛው መካከል አንዱ፣ ስሙ ይቅርና፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የሒሳብ ደብተሩን ጀርባ በድልድይ ሥዕል ይሞላ ነበር። ቅስቱ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ እግሩ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ማንም ሳያዘው ይጨነቅበታል። መምህሩ አዩትና «ይህን ሙንጨራህን ትተህ ሒሳብህን ሥራ!» አሉት። ሙንጨራው ራሱ ሒሳብ መሆኑን የነገረው አልነበረም። 11ኛ ክፍል ሲደርስ «ሥዕል የሚወድ ሶሻል ይግባ» ተባለ፤ ገባ። ዛሬ ከእኛ ጋር ሥነ ጽሑፍ ያጠናል። ሥነ ጽሑፍን ማንቋሸሻችን አይደለም፤ እንጀራችንም ፍቅራችንም እሱ ነው። ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው «ይህ ቅስት ለምን አይወድቅም?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ የምህንድስናን በር ከፍቶለት ነበር። የምንከሰው ይህን ዝምታ ነው።

«ሥዕልና ምህንድስና ምንና ምን ናቸው?» ለሚሉን ማስረጃ አናጣም። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ካላትራቫ ከልጅነቱ ሥዕል ወዳድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሥነ ጥበብ ሊማር ፓሪስ ሲደርስ ከተማዋ በተማሪዎች ዐመፅ ተናውጣ አገኛትና ወደ አገሩ ተመለሰ። ሥነ ሕንፃ ተማረ። እሱም አልበቃው ብሎ ዙሪክ ሄደና ሲቪል ምህንድስና ተምሮ እስከ ዶክትሬት ዘለቀ። ለ1992ቱ የሴቪሊያ ኤክስፖ የሠራው የአላሚዮ ድልድይ ወደ ኋላ ባጋደለ አንድ ምሰሶ ነው የተያዘው። ሲያዩት ሐውልት ይመስላል፤ ነገር ግን ማጋደሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የምሰሶው ክብደት ድልድዩን በገመዶቹ ስቦ ይይዛል። እዚህ ላይ ውበቱና ስሌቱ አንድ ናቸው።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ሞርስም ሎንዶን ድረስ ሄዶ ሥዕል የተማረ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ለሠራው የቴሌግራፍ መቀበያ አካል ያደረገው ምን ነበር ቢሉ፣ የሥዕል ሸራ መወጠሪያ እንጨት! እጁ ላይ የነበረው እሱ ነዋ። ከ7 ዓመት በኋላ መልእክቱ ከዋሽንግተን ባልቲሞር በሽቦ ደረሰ።

ደግሞስ ባሕር ማዶ ምን አስኬደን? ላሊበላ አለልን። ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች የፈለፈሉት እጆች ጣሪያው ላይ መስቀል ቀረጹ፤ የዝናቡን ውሃ የሚያወርድ አሸንዳም አበጁለት። አንድ ምት ቢሳሳት የተቆረጠ አለት ተመልሶ አይቀጠልም። እስቲ ንገሩን፤ እዚያ ሠዓሊው የት ላይ አብቅቶ መሐንዲሱ የት ላይ ጀመረ?

«አፈወርቅ ተክሌስ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሥዕል ዞሩ። ይህን ታሪክ እኛ 6 ኪሎዎች እንደ ድል ዜና እንተርከዋለን። ግን አፍሪካ አዳራሽ ገብተን 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለ ቀለም መስታወታቸውን ቀና ብለን ስናይ፣ ያ ሁሉ ክብደት በምን እንደቆመ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ከምህንድስና ወደ ሥዕል የሚወስደው መንገድ ክፍት ከሆነ፣ ከሥዕል ወደ ምህንድስና የሚወስደውን የዘጋው ማነው?

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የመጣውን «ሰባ ሠላሳ» እናስታውስ። 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሥነ ሰብእ ተባለ። ስሌቱ መቶውን ልጅ ለሁለት ሲከፍል፣ ሁለቱንም የሚወደውን ልጅ ከየትኛው እንደሚቆጥረው አላሰበም።

በደሉን ሁሉ ግን በአስተማሪና በመንግሥት ላይ ማላከክ አይገባንም። «እኔና ሒሳብ አንዋደድም» እያልን እንደ ማዕረግ የምንኮራበት እኛው ነን። ኧረ ምን ነካን? ካላትራቫን ድልድይ ያሠራው የሥዕል ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ፍቅሩ ወደ ስሌቱ ስለመራው ነው። ፍቅር በሩን ያሳያል እንጂ ደረጃውን አይወጣልንም። ይህን ሳንል ብናልፍ ሐሰት ይሆንብናል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ታናናሾቻችንን የምናስጠና ሁሉ፣ የደብተራቸውን ጀርባ ገልጠን እንይ። እዚያ ሥዕል ብናገኝ «ተው» ሳይሆን «እንዴት ይቆማል?» እንበል። ለ5 ኪሎ ወዳጆቻችንም፦ ለሚቀጥለው እትም ጽሑፍ አምጡ፤ የድልድይ ንድፍም ቢሆን ስቴንስሉ ላይ በእጃችን እንቀርጸዋለን።

ጓደኛችን ዛሬም ድልድይ ይሥላል። ከ6 ኪሎ ወደ 5 ኪሎ ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ በእግር ይደረሳል።