አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ስለ ቤት ሙዚቃ መሣሪያ ወግ በተነሣበት ሁሉ አንድ ክስ ይሰማል። ዲጂታል ድምፅ ጆሮ ይወጋል፣ ይሻክራል፣ ነፍስ የለውም ይባላል። ተከሳሿም ታውቃለች፤ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የምትለውጠው፣ አዋቂ ነን ባዮች በአጭሩ «ዳክ» የሚሏት ሣጥን ናት። ፍርዱም ያው ነው። ያለችህን ጣልና ውዷን ግዛ፤ እሷም ካልጣመችህ ወርቅ የተቀባ ገመድ ጨምርላት፤ ገመዱም ካልበጀ ባለ ቫልቩን አምፕሊፋየር አስመጣ! እኔ ክሱ ሐሰት ነው እላለሁ። ሐሰትነቱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር፤ እውነተኛውን ጥፋተኛ በነጻ ማሰናበቱ ነው ብዕር ያስነሣኝ።

ክሱ የቆመው በአንድ ሥዕል ላይ ነው። ዲጂታል ድምፅ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ፣ የሸክላው ግን እንደ ወንዝ የሚፈስ ነው የሚል ሥዕል። ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም። ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የሞገዱን ከፍታ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልክ ከ65,536 እርከኖች በአንዱ ይመዘግባል። ናይኲስት በ1928፣ ሻነን በ1949 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ባስቀመጡት ስሌት መሠረት፣ ድምፁ ከልኬቱ ግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ በነጥቦቹ ላይ ሊያልፍ የሚችለው ሞገድ አንድና አንድ ብቻ ነው። በደንብ የተሠራች ዳክ የምታወጣውም ያንኑ ልሙጥ ሞገድ ነው። የሰው ጆሮ ቢሰላ ቢሰላ እስከ 20,000 ሄርዝ ቢሰማ ነው፤ የሲዲ ጣሪያ ደግሞ 22,050 ነው። ታዲያ ደረጃው የት አለ?

በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው የሶኒ የመጀመሪያ ማጫወቻ ከበድ ያለ የአናሎግ ማጣሪያ ነበረበት፤ ያኔ የተማረረ ሰው ምክንያት ነበረው ልንል እንችላለን። ግን ፊሊፕስ በዚያው ዘመን ልኬቱን አራት እጥፍ አብዝቶ የማጣራት ዘዴ ይዞ መጥቷል። ከ40 ዓመት በፊት የነበረን ቅሬታ ዛሬ እያሞቁ መሸጥ ምን ይባላል?

በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ያወጡት ሙከራ አለ። ከሲዲ እጅግ የላቀ ነው በተባለለት ቅጂ መንገድ ላይ፣ ሰሚው ሳያውቅ፣ ተራውን የሲዲ ልኬት አንዴ ያስገባሉ፣ አንዴ ያወጣሉ። ከ554 ግምቶች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ። ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ወይስ ሰው ከማለት በምን ይለያል? እኔም በበኩሌ አንድ ወዳጄ የወር ደመወዙን ያፈሰሰባትን ሣጥን ጥፍር ከምታህል የስልክ ማያያዣ ጋር አወዳድሬለታለሁ። የሁለቱን ከፍታ በቮልት መለኪያ አስተካክዬ ነው፤ ይህ ካልተደረገ ጆሮ ሁልጊዜ ጮክ ላለው ያደላልና። ወዳጄ መለየት አልቻለም። ሣጥኗን ግን አልሸጣትም፤ መብቱ ነው።

እንግዲህ ጆሮ የሚወጋው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ቅጂው ራሱ ነው። ሙዚቃውን ለገበያ የሚያዘጋጀው ሰው ከጎረቤቱ ዘፈን ጮክ እንዲል ሲል ለስላሳውን ከፍ፣ የከፍታውን ጫፍ ቁርጥ ያደርገዋል። የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 ሲወጣ አድናቂዎቹ ራሳቸው የጮኹት በዚህ ምክንያት ነው፤ በቪዲዮ ጨዋታ የወጣው የዚያው አልበም ቅጂ ይሻላል እስከማለት ደርሰዋል። ሌላም መዘዝ አለ። ነጥቦቹ ሁሉ ጣሪያውን ሲነኩ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ሞገድ ጣሪያውን አልፎ ሊወጣ ይችላል፤ በቀላሉ ምሳሌ እንኳ እስከ 3 ዴሲቤል። መፈናፈኛ የሌላት ዳክ ያንን ትቆርጠዋለች፤ ድምፁም ይሻክራል። መድኃኒቱ? በኮምፒዩተሩ ወይም በስልኩ ማጫወቻ ላይ ድምፁን ሦስት አራት ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ በአምፕሊፋየሩ መመለስ ነው። ዋጋው ዜሮ ብር።

የድሮ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይመርምር። የሲዲ ማጫወቻና የዳክ መውጫ 2 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ የብዙ አሮጌ አምፕሊፋየሮች መግቢያ ግን ከ150 እስከ 200 ሚሊቮልት ይበቃዋል። በጭልፋ ለሚጠጣ በባልዲ እንደማፍሰስ ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ በየቻናሉ ሁለት ሬዚስተር ቢበይድለት ይገላገላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የትሬብል ማዞሪያ ነገር ነው። ባክሳንዳል የተባለው እንግሊዛዊ በ1952 ያሳተመው የቤዝና የትሬብል ማስተካከያ የዓለምን ቤት ሁሉ ሞላ። በኋላ «ንጹሕ ድምፅ» የሚሉ ነጋዴዎች መጡና ማዞሪያዋን ከውድ አምፕሊፋየሮች ፊት ነቀሏት፤ የነካት ሰው እንደ መሀይም ተቆጠረ። አሁን እነዚያው ሰዎች ድምፅ «የሚያለሰልስ» ገመድና ቫልቭ ይሸጡልናል። ማዞሪያችንን ወስደው ምትኳን መቶ እጥፍ አስከፈሉን! የሰው ጆሮ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው መንደር ላይ እጅግ ስስ ነው። ሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ ግድግዳና ሰፊ መስተዋት ያለው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ያንኑ መንደር መልሶ ፊታችን ላይ ይወረውረዋል። ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፣ ትሬብሉን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ማንም አይከስዎትም።

«ካሴቱ ግን ይሞቅ ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ይሞቅ ነበር፤ ትሬብሉ አልቆ ነዋ። ከቅጂ ቅጂ እየተገለበጠ በታክሲ ውስጥ የሰማነው ዘፈን ግማሽ ጸናጽሉን በየመንገዱ ጥሎ ነው ጆሯችን የደረሰው። ትዝታው ይወደድ፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን የድምፅ መለኪያ አናድርገው።

ይህን ሁሉ የምለው ለፈረንጅ ሣጥን ጠበቃ ልሁን ብዬ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 ማሳተም የጀመራቸው ሸክላዎችና ከዚያ በኋላ የወጡት ካሴቶች ዛሬ ወደ ዲጂታል እየተገለበጡ ነው። ከገበያ ገዝቼ በኮምፒዩተር የከፈትኳቸው ጥቂት አይደሉም። የአንዳንዶቹ ሞገድ ዳርና ዳሩ እንደ ተከረከመ የጽድ አጥር ቀጥ ብሎ ይታያል፤ የማሲንቆው ትንፋሽና የድምፃዊው ጩኸት እኩል ከፍታ ላይ ተሰፍተዋል። ይህን ማንም ዳክ፣ የሚሊዮን ብርም ትሁን፣ ፈትታ አትመልሰውም። የተቆረጠው ተቆርጧል። እኛ ሣጥን ስንቀያይር ገልባጩ ጠያቂ አጥቶ ቀጣዩን ይገለብጣል።

አሳታሚዎች ሆይ፣ ከየትኛው ቴፕ ወይም ሸክላ እንደገለበጣችሁ፣ ማን እንዳዘጋጀው በሽፋኑ ላይ ጻፉ። ያልተነካውንም ግልባጭ ከመቁረጣችሁ በፊት አስቀምጡ፤ ቦታው እንደሆነ ለአንድ ሙሉ አልበም ከ700 ሜጋባይት አይበልጥም።