ደብዳቤውን የተቀበሉት ሽማግሌዎች

በወጣቶች ኅብረታችን አንድ ዓይነት ምስክርነት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ደርግ ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ወላጆቻችን በየጓዳው ተንበርክከው ጸለዩ፤ እግዚአብሔርም ደርግን አወረደ። ከዚያ እልልታና ጭብጨባ ይሆናል። እኔም አጨብጭቤአለሁ። መጸለያቸው እውነት ነው። እግዚአብሔር ነገሥታትን እንደሚያወርድና እንደሚያስነሣ ዳንኤል የመሰከረውንም ከመካከላችን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን «እንግዲህ የመንግሥት ነገር እኛን አይመለከትም» ወደሚለው ስንሻገር እኔ አብሬ አልሻገርም። አባባሉ መንፈሳዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። ክፉ አገዛዝ ከእኛ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ምስክርነታችን ደርግ እንዴት እንደ መጣ፣ በምን እንደ ቆየ፣ ምን ሲያጣ እንደ ወደቀ ሳይነግረን ያልፋል።

በሰኔ 1966 ዓ.ም. የተሰባሰቡት ወታደሮች ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለውም አልነበረባቸውም። እነዚህ ሰዎች የሚኒስትሮችንና የመኳንንቱን ስም በሬዲዮ አስነበቡ። ከተጠሩት ብዙዎቹ በገዛ እግራቸው ሄደው እጃቸውን ሰጡ! የሚጠብቃቸው ወታደር ስላልነበረ አይደለም። ወታደሩም፣ አስተማሪውም፣ ባለ ታክሲውም በዙፋኑ ማመን ካቆመ ወራት ስላለፉት ነው። የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ነገሩ ተድበስብሶ ነበር። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ።

በዚያን ጊዜ ደስ ካላቸው መካከል የእኛ ሰዎችም ነበሩበት። በንጉሡ ዘመን የሙሉ ወንጌል ወገኖች ዕውቅና ተከልክለው ታስረው ነበርና፣ የሃይማኖት እኩልነት ሲነገር ቢደሰቱ አልፈርድባቸውም። በየካቲት 25 ቀን የታወጀው የመሬት አዋጅም ገባሩን በእውነት ከባለ መሬቱ አላቅቆታል። አገዛዝ በውሸት ብቻ አይመጣም፤ የእውነተኛ በደል ጀርባ ላይ ተፈናጥጦ ይመጣል። መልካሙን አይተን ስናጨበጭብ ግን በኅዳር 14 ሌሊት ያለ ፍርድ የተረሸኑትን ስድሳ ያህል ሰዎች እያየን ዝም አልን። ያለ ምንም ደም ተብሎ የተጀመረው ነገር ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ማለት ነው።

ደርግ በምን ቆየ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «በጠመንጃ» ይላችኋል። እኔ ግን ጠመንጃ የትኛው ልጅ በየትኛው ቤት እንደሚያድር አያውቅም እላለሁ። የሚያውቀው ቀበሌ ነው። ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ የቤቱ ኪራይ፣ መታወቂያው፣ የስኳሩ ራሽን ሁሉ በቀበሌ እጅ ገባ። ለእያንዳንዱም ማኅተም የሚመታ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ስብሰባ ላይ ስም የሚጠራ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በማውቃት አንዲት ቤተ ክርስቲያን አንድ አባት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። በ1969 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ስለሚያምር የቀበሌ ጸሐፊ ተደረጉ። ሊቀመንበሩ ከስብሰባ የቀሩ ወጣቶችን ስም ጽፈህ አምጣ አላቸው። ጻፉ። ከዝርዝሩ ውስጥ አራቱ ተወስደው አልተመለሱም። «ልጄ፣ እኔ ማንንም አልገደልኩም» አሉኝ አንድ ቀን ቡና ላይ። «ስም ብቻ ነው የጻፍኩት።» ሲኒውን ሳይነኩት ቡናው ቀዘቀዘ። ጌታን ያገኙት ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ኃጢአታቸው እንደ ተሰረየላቸው ያምናሉ፤ እኔም አምናለሁ። አራቱን ስሞች ግን እስከ ነአባታቸው ያስታውሷቸዋል።

የናቡቴን ታሪክ እስቲ እንደ ገና አንብቡ። በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው አክዓብ ስግብግብ፣ ኤልዛቤል ጨካኝ መሆናቸውን ነው። ግን ናቡቴን ማን ገደለው? ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙም አተመችው። ደብዳቤው የሄደው ለወታደር አይደለም፤ በናቡቴ ከተማ አብረውት ለሚኖሩት ሽማግሌዎችና መኳንንት ነው። እነርሱም የታዘዙትን አደረጉ፤ ሁለት የሐሰት ምስክሮችም ቆሙበት። ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ ሥራውን የጀመሩት ጾም አውጀው መሆኑ ነው። መንፈሳዊ መርሐ ግብር ነበራቸው! ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይህን ሰው እኔ አውቀዋለሁ፤ አልሳደበም» ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ላያድነው ይችላል። ደብዳቤው ግን ያን ያህል በቀላሉ አይፈጸምም ነበር። በግብጽ ሲፓራና ፉሐ የተባሉ ሁለት አዋላጆች የፈርዖንን ትእዛዝ ያስቀሩት ሠራዊት ኖሯቸው አይደለም። ሕፃናቱ በእጃቸው ላይ ስለሚወለዱ ነው።

እዚህ ላይ ሮሜ 13ን የሚያነሣ ወንድም አይጠፋም። ደግ፤ እናንሣው። ግብር እንክፈል፣ ሹሙንም እናክብር። ነገር ግን ያንን ደብዳቤ የጻፈው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ ሹማምንቱ በስውር ሊሸኙት ሲፈልጉ አሻፈረኝ ብሏል፤ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠይቋል። ለሹም መገዛት ማለት በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር እንዳልሆነ ጳውሎስ ያውቅ ነበር። እኛ ግን አዲስ ሹም በተነሣ ቁጥር ከመድረካችን «ይህ ሙሴአችን ነው፣ ይህ ቂሮሳችን ነው» የሚል ትንቢት አናጣም። ሙሴው ፈርዖን ሲሆን ያው ነቢይ ወደ ሌላ ርዕስ ይሻገራል።

ወደ ጓዳው ጸሎት ልመለስ፤ ምስክርነታችን የሚበድለው እርሱን ጭምር ነውና። እነዚያ ወላጆቻችን ጸልየው ብቻ ዝም አላሉም። በተከለከለ ዘመን አምስትና ስድስት ሆኖ ለጸሎት መሰብሰብ ራሱ እምቢታ ነበር። ጓዳዋን የሰጠችው እናት ቤቷም ስኳሯም በቀበሌ እጅ እንዳለ ታውቃለች። አብዮትን ከሁሉ በላይ የሚያደርገውን መፈክር አንልም፣ ግራ እጃችንን አናነሣም ብለው የታሰሩና የተገረፉ ወጣቶች በእናንተ ዕድሜ የነበሩ ናቸው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እንቢ አሉ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ። መገደላቸው በእርግጠኝነት የታወቀውና አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ «ጸለዩ፣ ወደቀ» ብለን ስናሳጥረው የከፈሉትን ዋጋ እንሰርዝባቸዋለን።

የአወዳደቁ ነገር አጭር ነው። በ1980 አፍአበት፣ በ1981 ሽሬ ላይ ጦሩ ተሸነፈ። በግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ ራሳቸው ሊገለብጡት ሞከሩ፤ አልተሳካም፤ ተገደሉም። አገዛዙ የገዛ ሠራዊቱን ራስ ቆረጠ። ሶቪየቶችም እጃቸውን ሰበሰቡ። በግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሬዲዮ የፕሬዚዳንቱን ከአገር መውጣት ሲናገር፣ ከአፍሪካ ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱ የነበረው ጦር በየመንገዱ ተበተነ፤ ዳቦ የሚለምን ወታደር ከተማ ገባ። መድፉም ታንኩም እዚያው ነበር። ለዚያ ዙፋን ልሙት የሚል ሰው ነበር ያለቀው። ልብ በሉ፦ ንጉሡም የወደቁት እንደዚሁ ነበር፤ የተከተላቸው ግን ነጻነት አልነበረም። «ወደቀ» ተብሎ እልል ሲባል ደብዳቤ የሚቀበሉት ሽማግሌዎች እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው።

ያልኳችሁን አባት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሽማግሌዎች ጉባኤ መረጥናቸው። እጽሕፈታቸው ዛሬም ያማረ ስለ ሆነ ጸሐፊ ይሁኑ ተባለ። ሽምግልናውን ተቀበሉ፤ መዝገቡን ግን ወደ ጎን ገፉት። ገንዘብ ያዥነቱን ወሰዱ። ምክንያቱን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም በዚያ ቀን ዝም አልኩ።