«እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ»

በየቤታችን የምትነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እሁድ ጠዋት ልጆቹ ጫማቸውን አስረው፣ እናት ውኃና ዳቦ በፌስታል ቋጥራ፣ አባት «በሉ እንጂ ረፈደ!» ማለት ሲጀምር፣ ከሶፋው ጥግ አያት ጋቢያቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ይሏታል። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።» ማንም ብዙ አይከራከርም። «እማማ መውጣት አይወዱም» ይባልና በሩ ይዘጋል።

እኔ የምለው፣ ቤቱ የሚጠበቀው ከማን ነው? በሩ የብረት ነው፣ ጎረቤት አለ፣ ግቢው ውስጥ ውሻ ታስሯል። እማማ የቀሩት ቤት ለመጠበቅ አይደለም። ባለፈው ሰርግ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበርና ጉልበታቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛቸው ከረመ። መጸዳጃ ቤት ቢያስፈልጋቸው ማንን እንደሚያስቸግሩም አስበውበታል። መሀል ላይ ቢደክማቸው የሚቀመጡበት እንደማይኖር ያውቃሉ። «ቤት እጠብቃለሁ» ማለት ይሉኝታ የለበሰ «አልችልም» ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ወንድም ያለበት ቤት ደግሞ ዓረፍተ ነገሯ ትንሽ ትለወጥና «ዛሬ ኳስ አለ፣ እሱን አያለሁ» ትሆናለች።

የዛሬው ጽሑፌ ሐሳብ አንድ ነው። የቤተሰብ ሽርሽር መታቀድ ያለበት ቤት ከሚቀረው ሰው ተነስቶ ነው። የሚጎበኝ ቦታ የሚሠራ ሰውም ሥራውን መጀመር ያለበት ከዚሁ ሰው ነው።

ይህን አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ልጅ ሳለን አዲስ አበባ ውስጥ «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ነበረው፤ አንበሳ ግቢ ወይም ብሔራዊ ሙዚየም። ዛሬ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎና አካባቢው ድረስ ያለውን ብቻ ቁጠሩ። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተከፈተ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 አራት ኪሎ ላይ ሥራ ጀመረ። የሳይንስ ሙዚየም በመስከረም 2015 ከወዳጅነት ፓርክ ጎን ተመረቀ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ ተጨመረ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ። (ከዚያ ሰፈር ስለተነሱት ሰዎች ብዙ የሚባል አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አልነካካውም።)

አብዛኞቹ ደግሞ ጣሪያ ያላቸው ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ልጅ ቤት ሲያምስ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ዝናብ የሚያስጥል ቦታ ማግኘት ለወላጅ ትልቅ ዕረፍት ነው። ስለዚህ «ፒያሳ ጀምረን አራት ኪሎ እንጨርሳለን» ማለት በወረቀት ላይ ያምራል። በካርታው ላይ ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው፣ ሁሉም የተያያዘ ነው።

ለማን ነው የተያያዘው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

አምስት ቦታዎች በሚያምር መንገድ ቢገናኙና በመካከላቸው ሦስት እርከን ደረጃ ቢኖር፣ ለዊልቸር ተጠቃሚ ምንም የተገናኘ ነገር የለም። ሰፈሩን የምታውቁት ደግሞ የአዲስ አበባን መሬት ታውቁታላችሁ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ትወርዱና እንደገና ትወጣላችሁ። ለሃያ ዓመት ወጣት ይህ ስፖርት ነው። ዊልቸር ለሚገፋ ሰው ቁልቁለቱ ፍርሃት፣ ዳገቱ ደግሞ ላብ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትማ ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ «ቅርብ ነው፣ በእግራችን እንሂድ» የምትለው ቃል ራሷ አንድ ሰው ቤት ታስቀራለች።

ስለ ደረጃ ካነሳን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አንድ እርከን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው እንበል። አምስት እርከን 75 ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የራምፕ ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይጠይቃል። በዚህ ስሌት እነዚያን አምስት እርከኖች የሚተካው ራምፕ 9 ሜትር መርዘም አለበት። አሁን በየሕንፃው በር ላይ ያያችኋቸውን ራምፖች አስታውሱ። ስንቶቹ ሁለት ሜትር እንኳ ሳይሞሉ ሽቅብ የቆሙ ናቸው? ለጆንያ ማራገፊያ ይሆኑ ይሆናል፤ ሰው ግን አይወጣባቸውም። ራምፕ «አለ» ማለትና ራምፕ «ይወጣል» ማለት ለየቅል ናቸው።

«ምን ይደረግ፣ አገሩ ገና ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ሕጉ ገና አልነበረም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር የሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚገቡበት መንገድ ሊኖረው እንደሚገባ፣ መጸዳጃ ቤቱም ለእነሱ እንዲመች ሆኖ እንዲሠራ ደንግጎ ነበር። በ2002 ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የዚህ ኮንቬንሽን አንቀጽ 30 የሚናገረው ስለ ባህልና መዝናኛ ነው። ቴአትር ቤትን፣ ሙዚየምን፣ ሲኒማንና ቤተ መጻሕፍትን ስማቸውን ጠርቶ ይዘረዝራል። ልብ በሉ! ስለ ሆስፒታልና ስለ ትምህርት ቤት ብቻ ቢሆን ይገባን ነበር፤ ይኼኛው ግን መዝናናትም መብት ነው እያለ ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው ቦታዎች ሁሉ ለጎብኚ የተከፈቱት ከእነዚህ ሕጎች በኋላ ነው። የሁሉንም በርና አሳንሰር እዚህ አንድ በአንድ ልመዝን አልተነሳሁም። የምለው ግን ሕንፃው ከሕጉ በኋላ የተሠራ ከሆነ፣ «ሳናስበው ቀረ» የሚለው ምክንያት አይሠራም ነው።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው የበለጠ ይጣፍጣል። «ችግር የለም፣ እኛ እንሸከማለን!» እውነት ነው፣ እንሸከማለን። አዲስ አበባ ውስጥ ዊልቸር ደረጃ ሥር ሲቆም፣ ማንም ሳይጠራቸው አራት ጎረምሶች ከየት መጡ ሳይባሉ ከች ይላሉ። ይህን ደግነት የማቃለል ሐሳብ የለኝም፤ በየትም አገር አይገኝም። ግን የሚሸከመውን ሳይሆን የሚሸከሙትን ሰው አስቡ። በሕዝብ መሀል፣ በማያውቁት ሰው እጅ፣ እንደ ታቦት ሳይሆን እንደ ቁም ሳጥን ከፍ ብሎ መውጣት። መውጣቱስ እሺ፣ መጸዳጃ ቤት ሲያስፈልገው? ቶሎ ወጥቶ አየር መቀበል ሲያምረው? በየደረጃው አራት ሰው መለመን ሊኖርበት ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ከሌለው፣ ጎብኚ ሳይሆን ዕቃ ነው የሆነው። ደግነት ጥሩ ነው፣ የራምፕ ምትክ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን በማልጠራው አንድ ትልቅ ሕንፃ አሳንሰር ነበረ፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ የት ነው ብዬ ብጠይቅ «የያዘው ልጅ ምሳ ወጥቷል» ተባልኩ። በሌላ ቦታ ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች የተሠራው መጸዳጃ ቤት የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። እዚህ ላይ የአገር ድህነት የቱ ጋ ገባ? ገንዘቡ ወጥቷል፣ ዕቃው ተገዝቷል። የጎደለው «ዛሬ አንድ ሰው ሊመጣ ይችላል» ብሎ ማሰብ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ደግሞ በዓለም ላይ ከ6 ሰው 1 ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት አለበት ይላል። ስድስት ሰው ማለት የእኛ አገር አንድ ቤተሰብ ማለት ነው። ሰውየው «ሊመጣ ይችላል» የሚባል ሳይሆን፣ በየቤተሰቡ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኳስ የሚያየው ነው።

እስከዚያው እኛስ ምን እናድርግ? አቅዱ እላለሁ። «አቅዱ» ስል ግን እንዲህ ነው።

መጀመሪያ፣ ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት እማማን ጠይቁ። «ይምጡ?» ብላችሁ አይደለም፤ ለእሱማ መልሱ ይታወቃል። «ስንት ደቂቃ ቢሄዱ ነው የሚደክምዎት? ስንት ደረጃ ይችላሉ?» በሏቸው። ወንድማችሁን ከሆነ ደግሞ የዊልቸሩን ስፋት ለኩ። 80 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ በር ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን አራት ቦታ የሚለውን ምኞት ተዉት። ሁለት ይበቃል። አንድነት ፓርክ ብቻውን ሰፊ ግቢ ነው፤ የዙፋን ቤቱን፣ የግብር አዳራሹንና የአንበሳውን ማደሪያ እያረፉ ማየት ቀን ይሞላል። እሱ ከተመረጠ የሳይንስ ሙዚየሙ ለሌላ እሁድ ይቆይ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ከመሄድ ታክሲ መጥራት ከተሻለም ታክሲው የጉዞው ዋጋ አካል ነው ብላችሁ ቁጠሩት። (ሚኒባስ ከሆነ፣ ለታጠፈው ዊልቸር «የሁለት ሰው ክፈሉ» የሚል ረዳት እንደማይጠፋ አትርሱ።)

ሦስተኛ፣ ደውሉ። ስትደውሉ «ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል?» አትበሉ፤ «አዎ፣ ይመቻል» የሚል ቀና መልስ ታገኙና በሩ ላይ ታዝናላችሁ። ቁርጥ ያለ ጥያቄ ጠይቁ። ከመኪና መውረጃው እስከ በሩ ስንት እርከን አለ? አሳንሰሩ ዛሬ ይሠራል? መብራት ቢጠፋስ ጄኔሬተሩ አሳንሰሩን ያነሳል? መጸዳጃ ቤቱ በየትኛው ፎቅ ነው፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ውስጥ መቀመጫ አለ? እኔ የደወልኩባቸው ቦታዎች የመግቢያ ዋጋና ሰዓት በቃላቸው ነው የሚነግሩኝ፤ ስለ ደረጃ ስጠይቅ ግን «ቆይ ልይልሽ» ይሉኛል። ይጠይቁ እንጂ! አሥር ሰው ከጠየቃቸው አሥራ አንደኛው መልሱን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

ተደራሽነት ሲባልም ዊልቸር ብቻ አይምጣብን። ማየት ለተሳነው ሰው በመስታወት ውስጥ የተቆለፈ ዕቃ ምንም አይነግረውም፤ በቃል የሚያስረዳው ወይም በእጁ የሚዳስሰው ቅጂ ያስፈልገዋል። መስማት ለተሳናት ልጅ የአስጎብኚው ማይክራፎን ከንፈር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ከፍተኛ ድምፅና የሚብለጨለጭ መብራት የሚያስጨንቀው ሕፃን፣ ሰው ያልበዛበት የጠዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ እግሩን ጀሶ ያሰረ ኳስ ተጫዋችም፣ ራምፕ ሲያገኙ ይመርቃሉ። ዛሬ የማያስፈልገን ሁሉ ነገ ያስፈልገናል፤ እርጅና ቀጠሮ አይሰርዝም።

ለቦታዎቹ ኃላፊዎችም ጥያቄዬ የሚሊዮን ብር አይደለም። የደረጃውን ቁጥር፣ የአሳንሰሩንና የመጸዳጃ ቤቱን ቦታ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሕዝብ አሳውቁ። አሳንሰሩን ክፈቱት። ባልዲውን ከመጸዳጃ ቤቱ አውጡት። በየአዳራሹ ሦስት አራት ወንበር አስቀምጡ። ጥበቃዎቹን «ዊልቸር በዚያኛው በር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አሠልጥኗቸው፤ ያኛው በርም ክፍት ይሁን። ለሚቀጥለው ሕንፃ ደግሞ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ጠርታችሁ አማክሩ። ከምረቃው በኋላ አይደለም፣ በፊት!

ስለ ድንቅነሽ ሳልናገር ብጨርስ ቅር ይለኛል። በኅዳር 1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ አያታችን ዝናዋ በሁለት እግሯ ቆማ መሄዷ ነው። ብዙዎቻችን (ቅጂዋንም ቢሆን) ብሔራዊ ሙዚየም ያየናት ደረጃ ወርደን ነው። የሰው ዘር ሁሉ አያት የምትባለዋን ለማየት ስንወርድ፣ የራሳችንን አያት ቤት ጠባቂ አድርገን እንደመጣን ስንቶቻችን አስበናል? ድንቅነሽ የትም አትሄድም፣ ትጠብቀናለች። እማማ ግን ሰማንያ አልፏቸዋል።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችን አንድ ስልክ መደወል ይሁን።

ቸር ይግጠመን።